ልብስ የለበሰው ሰዓት

ጎንደር አራዳ ውስጥ ሳልፍ «የሰዓቷ ሴትዮ» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ባለፈው ሰሞን አንዷ ባለሱቅ የቆመ የግድግዳ ሰዓቷን አውርዳ «እስቲ እዪልኝ» ብላ እጄ ላይ አኖረችው። ኧረ እኔ ሰዓት ጠጋኝ አይደለሁም! ዕድሜዬን የፈጀሁት የሆስፒታል መሣሪያ ስጠግን ነው፤ ማይክሮስኮፕ፣ የኦክስጅን መቆጣጠሪያ፣ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት የሚተኙበት ማሞቂያ፣ ደም የሚያሽከረክር ማሽን። ሰዓቱ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ጡረታ ወጥቼ ቤት ስቀመጥ ግን ቀድሞ የሚመጣብኝ እሱ ሆነ። የሥራ ዘመኔን በሙሉ ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት፤ ብዕር ባነሣሁ ቁጥር ልቤ ደባርቅ ዳርቻ ወዳለ አንድ ቤት እየሄደ አስቸገረኝ። እዚያ እስክደርስ ግን ከሥር ልጀምር።

ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥቼ ጎንደር ሆስፒታል ጥገና ክፍል ስመደብ አለቃዬ ጋሽ አድማሱ የሚባሉ፣ ቁመታቸው አጭር፣ ቁጣቸው ግን የማያልቅ ሰው ነበሩ። «ሴት ላካችሁልኝ?» አሉት ያመጣኝን ሰው፣ እኔ እዚያው ቆሜ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው «አፍንጫሽ ደህና ነው?» አሉኝ። ጉንፋን ይዞኝ እንደሆነ የጠየቁኝ መስሎኝ «ደህና ነኝ» አልኩ። «አንቺን ማን ጠየቀሽ፣ አፍንጫሽን ነው እንጂ!» ብለው አንድ የተበላሸ የኃይል ሳጥን ፊቴ ላይ ደቀኑት። «ምን ይሸታል?»

ጋሽ አድማሱ ብሎን ከመፍታታቸው በፊት ያሸቱ ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ዕቃውን አገጫቸው ሥር አስጠግተው ቀስ ብለው ይስባሉ። የተቃጠለ ጥቅልል ሽቦ ሽታው ሌላ ነው፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሌላ ነው፣ ዘይቱ የደረቀበት ሞተር ደግሞ ሌላ። እኔ ሽታውን ለይቼ እስክናገር ድረስ ብሎን መፍቻ አያስነኩኝም ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ስንት ጊዜ በንዴት አልቅሻለሁ መሰላችሁ! በኋላ ግን አፍንጫዬ ሥራውን ለመደ፤ ገበያ ስወጣ እንኳ የሰዉን ሬዲዮ ማሽተት ያምረኝ ጀመር።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ጠግነው የጨረሱትን ዕቃ በሰው እጅ አይልኩም። ሐኪምም ይሁን ነርስ፣ የሚሠራበት ሰው ራሱ ወርዶ መምጣት አለበት። በገዛ እጁ አብርቶ፣ ሠርቶበት፣ አጥፍቶ ካላሳያቸው ዕቃው ከጠረጴዛቸው አይነሣም። «እኔ እንደምነካው አይደለም እሱ የሚነካው» ይሉ ነበር። ወረፋ ያለበት ሰው ይቆጣል፣ ደብዳቤ ይጻፍባቸዋል፣ እሳቸው ቅንድባቸውን አያነሡም።

ያበላሸውንም ሰው ፊት ለፊት ይነግሩታል። አንድ የተከበረ ሐኪም የማይክሮስኮፕ መብራት ሳይበርድ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ አፈነዳው። ሲመጣ ጋሽ አድማሱ «እርስዎ ነዎት ያፈነዱት» አሉት፣ ሰው በሞላበት። ሐኪሙ ፊቱ ተለዋወጠ። እኔ መሬት ብትሰነጠቅና ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን «ካልነገርኩዎት ነገም ያፈነዱታል» አሉና አዲሱን አምፖል ገጠሙለት። ከሥራ ሲወጡ ደግሞ ያንኑ ሐኪም ፒያሳ ወስደው ሻይ ጋበዙት። ሁልጊዜም እንዲህ ነበር የሚያደርጉት፤ ተናግረው ሲያበቁ ሻይ ነው። ነፍሳቸውን ይማር፣ ጡረታ በወጡ በጥቂት ጊዜ አረፉ። ከእሳቸው በኋላ የመጡት አለቆች የወረቀት ሰዎች ነበሩ፤ ክፉዎች አልነበሩም፣ የማወራው ግን የለኝም።

ከዚያ ደባርቅ ተመደብኩ። የደመወዙን ነገር ያኔም አላወራሁት፣ አሁንም አላወራውም። ብርዱ ግን ይወራል። ጎንደር ነጠላ ደርቦ የሚወጣ ሰው ደባርቅ ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ ተከናንቦ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ሰዉ ምን ያድርግ፣ ከሰል አቀጣጥሎ ቤት ያስገባና በሩን ይዘጋል። ክረምት ላይ ለኦክስጅን መቆጣጠሪያ ጥገና ስጠራ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ያው ነበር፤ «ከሰል የበላው ሰው መጥቷል» ይሉኛል። ባልና ሚስት በአንድ ቃሬዛ ሲመጡ አይቻለሁ። የተኙ እንጂ የሞቱ አይመስሉም። የከሰል መርዝ እኮ ጢስ አይደለም፤ ጢሱማ ያስላል፣ ዓይን ያቃጥላል፣ ሰው ያባርራል። ይሄኛው ሽታ የለው፣ መልክ የለው። ያ ሁሉ የጋሽ አድማሱ የአፍንጫ ትምህርት ለዚህ አንድ ነገር አልሆነኝም። በጣም ያናድደኝ ነበር።

ጎንደር ከተመለስኩ ከዓመታት በኋላ ናትናኤል የሚባል ወጣት ኢንጂነር የምርምር ሥራ ይዞ መጣና የሚረዳው ጠጋኝ ፈለገ። ከኪሱ ትንሽ ብልቃጥ አወጣ፤ ውስጡ የምስር ፍሬ የምታክል ነገር አለች። «እትዬ የሺ፣ ይቺ የከሰል መርዝ ታሸታለች» አለኝ። ሴንሰር ነው። በየደቂቃው ለቅጽበት ይነቃል፣ አየሩን ይቀምሳል፣ ተመልሶ ይተኛል። አብዛኛውን ጊዜ ስለሚተኛ መብራት በሌለበት ቤት እንኳ በትናንሽ የባትሪ ድንጋይ ከዓመት በላይ ይዘልቃል። ያቺ የደባርቅ ቃሬዛ ትዝ አለችኝ።

ናትናኤል ነጭ ሳጥን ሠርቶ ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው ነበር ያሰበው። «ማን ነው ባዶ ሳጥን ቤቱ የሚሰቅል?» አልኩት። «የመንግሥት ጆሮ ነው ብለው ዛፍ ላይ ይሰቅሉልሃል!» ሳቀ። ሰዓት ውስጥ እናድርገው አልኩ። ሰዓት የማይፈልግ ቤት የለም፤ ከሥዕለ ማርያም ቀጥሎ ግድግዳ ላይ ቦታ የሚሰጠው እሱ ነው። ክብ የግድግዳ ሰዓት ገዛን፣ ከቁጥሩ በታች በመርፌ የተወጉ የሚመስሉ ቀዳዳዎች በሳን፣ ምስሯን ከኋላ አስቀመጥን። ሰዉ «አፍንጫው» ይላት ነበር። የሽቦዋ ቅጥነት ዓይን ያጠፋል፤ እስትንፋሴን ይዤ ነበር የምበይደው።

መጀመሪያ የሰቀልነው አዘዞ፣ አረቄ የምታወጣ ብርቄ የምትባል ጎረምሳ የምታስፈራ ሴት ቤት ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ሰዓቱን በከረጢት አንጠልጥላ ቢሯችን ድረስ መጣች። «ጉድ በል ጎንደር! ሳይጠጣ የሚሰክር ሰዓት አመጣችሁብኝ! አረቄው መንጠባጠብ ሲጀምር ይጮኻል፣ ሳቆም ያቆማል። ደንበኛ አባረረብኝ እኮ!» ምስሯ የአረቄን ትነት ከከሰል መርዝ መለየት አልቻለችም ነበር። ብዙ ደከምንበት። በመጨረሻ ቀዳዳው ላይ አረቄውን የሚያስቀር የታከመ የከሰል ዱቄት በስስ ጨርቅ አድርገን አስቀመጥንበት። ብርቄ ስንነግራት «ከሰሉን በከሰል? እናንተ ሰዎች ጤና አላችሁ?» አለች። ሠራ ግን። ናትናኤል ከደስታው ብዛት አቀፋት።

ደባርቅም ሌላ ጣጣ ነበረበት። ጎንደር ላይ ያስተካከልነው ሰዓት እዚያ ሲወጣ በብርዱና በሳሳው አየር ይሳሳታል። የብስኩት ጣሳ እና በትንሽ ሲሊንደር የተሞላ ጋዝ ይዤ እወጣለሁ፤ እያንዳንዱን ሰዓት ጣሳው ውስጥ ዘግቼ ጋዙን ትንሽ ትንሽ እለቅበታለሁ፣ በሚገባው ልክ እስኪጮህ ብሎኗን በጥፍሬ አዞራለሁ። እጄ በብርድ ደንዝዞ ስንቴ ብሎኗ ወድቃ መሬት ለመሬት ዳክሬ ፈልጌያታለሁ። ያን ሥራ እወደው ነበር። ጠዋት ላይ ጣሳው ውስጥ የመጀመሪያው ሰዓት ሲጮህ ልክ እንደተወለደ ሕፃን ነበር የሚያስደስተኝ።

አንጓችን ያገኘኋት በዚያ ጊዜ ነው። ባሏ የሞተባት፣ ከደባርቅ ወጣ ብሎ ካለ ሠፈር ፈንታዬ ከምትባል አንድ ልጇ ጋር የምትኖር ሴት ናት። በእጇ ሥራ የታወቀች ነበረች፤ ዳንቴል ትሠራለች፣ የሠርግ ጥልፍ ትጠልፋለች። ሰዓቱን ስሰቅልላት እንደሌላው ሁሉ አስረዳኋት፤ ሲጮህ በር ክፈቱ፣ ከሰሉን አውጡ፣ ከቤት ውጡ። ባሳተምነው ወረቀት ላይ ያለውንም ነገርኳት፤ ከአቧራና ከጥላሸት ጠብቁት፣ በንጽሕና ያዙት። «እንደ ዓይኔ ነው የምይዘው ሲስተር» አለችኝ። ሲስተር አይደለሁም ማለት ከሰለቸኝ ቆይቷል።

በዚያው ክረምት የአንጓች ሰዓት ጮኸ። ራሷ ናት የነገረችኝ፣ ስልክ ከጎረቤት ተውሳ። እሷና ፈንታዬ ከሰል ዳር ተቀምጠው ሲፈትሉ እንቅልፍ እንቅልፍ አላቸው፤ ሰዓቱ ሲጮህ ልጅቷ መነሣት አቅቷት ነበር፣ እናቷ ጎትታ አወጣቻት። «ሲስተር፣ ልጄን ሰጠሽኝ! ሸጋ ቀን ይስጥሽ! ይህ ሰዓት አይደለም፣ ጠባቂዬ ነው!» ትለኛለች፣ እያለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ለናትናኤል ስነግረው ከቢሮ ወጣና ግቢው ውስጥ ብቻውን ሲመላለስ አየሁት። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ተዘጋ፤ የነበረውን ሁኔታ የአገሩ ሰው ያውቀዋል። ብዙ ጊዜ ደባርቅ ሳንወጣ ቀረን። ሰዓቶቹ ደህና ናቸው ወይ ብለን በስልክ እንጠይቃለን፤ «ደህና ናቸው፣ ይቆጥራሉ» ይሉናል። ፈንታዬ እንዳገባች ሰማሁ፣ እንደፀነሰችም ሰማሁ። መንገዱ በተከፈተ ሰሞን አያ መልኬ ደወሉ፤ የአንጓች ታላቅ ወንድም ናቸው። «ፈንታዬ ሞተችብን» አሉኝ። «አራስ ቤት፣ ከሰል በላት። ሰዓታችሁ እዚያው ተሰቅሎ።»

በማግስቱ ወጣሁ። ዳሱ ግቢው ውስጥ ተጥሏል፣ ሰዉ ሞልቷል። አንጓች ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ሕፃኑን ታቅፋለች፤ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ፊቷ ተቧጥጦ። ስታየኝ አልተነሣችም፣ እጄን ብቻ ያዘች። ሴቶቹ ናቸው የሆነውን የነገሩኝ። ፈንታዬ ለመውለድ እናቷ ቤት መጣች፣ ወንድ ወለደች። አራስ ቤት ንፋስ አይገባም፤ የበሩ ሥርና የግድግዳው ስንጥቅ በጨርቅ ተጠቀጠቀ። አንጓች ከሰል ፈርታ ነበር። ኋላ ግን ጠባቂዋን ሰዓት ከሳሎን አውርዳ አልጋው ትይዩ ሰቀለችውና ልቧ ተረጋጋ፤ እሱ እያለ ምን ይመጣል ብላ ከሰሉን አስገባች። በዚያ ጠዋት ውርጩ ጠንክሯል፤ ለልጇ አዲስ የተቀጣጠለ ከሰል አስቀመጠችላት፣ ትንሽ ታሸልብ ብላ በሩን ዘጋችና ሕፃኑን ፀሐይ ልታሞቀው ይዛው ወጣች። ከዚያው ቤት ግድግዳ ጋ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ሕፃኑ እስኪነቃና እስኪያለቅስ ድረስ፣ ለማጥባት በሩን እስክትከፍት ድረስ።

አያ መልኬ ወደ ክፍሉ አስገቡኝ። ሰዓቱ ግድግዳው ላይ ነው። ልብስ ለብሷል። ጥርት ያለ ወፍራም ላስቲክ፣ በልኩ ተቆርጦ፣ ዙሪያውን በነጭ ክር ተሰፍቶ፣ ከስፌቱ ላይ ዳንቴል ተጠልፎበት። መልኩ እንዲታይ፣ አቧራ ግን እንዳይገባበት። እንዴት ያምር ነበር! እንዲህ ዓይነት ስፌት ሙሽራ ልብስ ላይ እንኳ አላየሁም። ስፌቱ መርፌ አያስገባም፤ አየርም አያስገባም።

ወዲያው ነው የገባኝ፣ ግን እርግጠኛ መሆን ነበረብኝ። አውርጄ ወደ ጓሮ ወሰድኩት፤ ለለቀስተኛው ምግብ የሚበስልበት ከሰል እዚያ ነበር። ፍሙን በጣሳ ወስጄ ሰዓቱን ከነልብሱ በላዩ ያዝኩት። ጠበቅኩ። ዝም። ክሩን በጥርሴ በጥሼ ላስቲኩን ገፈፍኩና እንደገና ያዝኩት። ቆይቶ ጮኸ። ያን ጩኸት እኔ ነበርኩ የመረጥኩት፤ የተኛ ሰው እንዲቀሰቅስ፣ ከቤት ቤት እንዲሰማ። ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ጓሮው ዞረ። አንጓች ሕፃኑን እንደታቀፈች ዞራ መጣች።

«ይሠራል?» አለችኝ።

«ይሠራል።»

«ታዲያ ያን ቀን ምነው ዝም አለ?»

አያ መልኬ እጄ ላይ ያለውን ላስቲክ አዩ፣ አስተዋይ ሰው ናቸው፣ ገባቸው። «ግቢ እህቴ፣ ብርድ ነው፣ ኋላ ትነግርሻለች» ብለው መለሷት። ከዚያ ወደ እኔ ቀርበው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ በወለድሽው ይሁንብሽ። የባትሪ ድንጋዩ አልቆ ነው በያት። ልጇን ገድላ መኖር አትችልም።»

ለናትናኤል ደወልኩለት። ሰምቶኝ ሲያበቃ «ድንጋዩ ነው ይበሏት» አለኝ። «ናትናኤል፣ ድንጋዩ ነው ካልኩ ሰዓታችን ሰው ገደለ ይባላል። ሥራህ አለቀ ማለት ነው።» «ይለቅ። ብረት አያለቅስም እትዬ የሺ፣ ጥፋቱን ብረቱ ይውሰደው።» እግዜር ይስጠውና እንዲህ ያለ ልጅ ነው። እኔም ልቤ ተቀበለው። አዎ፣ እንዲህ ነው የምላት ብዬ ወደ ዳሱ መሄድ ጀመርኩ።

ከአጥሩ ማዶ የጎረቤቷ በር ክፍት ነበር። ግድግዳዋ ላይ ሰዓት አለ። ልብስ ለብሷል፣ ያው ስፌት፣ ያው ዳንቴል። ቆምኩ። «አያ መልኬ፣ ይህን ማን ሰፋላት?» አልኳቸው። «አንጓች ናታ! ልጇን ካዳነላት በኋላ ለክብሩ ብላ ሰፋችለት፤ የእሷን ያየ ሁሉ ለኔም ለኔም ሲላት፣ ለሠፈሩ ሰፍታለች» አሉኝ። በየቤቱ ሰዎች ሰዓቱ አለ ብለው ከሰል እያስገቡ ነው።

ድንጋዩ ነው ብላት ሁሉም ድንጋይ ይቀይራል እንጂ ልብሱን አያወልቅም። ዞሬ እኔው ላውልቅ ብል፣ ልብሱ ለምን ወለቀ ተብሎ በሰዓታት ውስጥ አንጓች ጆሮ ይደርሳል፤ ያውም ከወሬኛ አፍ። ጋሽ አድማሱ ቢሆኑ ይነግሯት ነበር፣ አልጠራጠርም። ግን እሳቸው የነገሩት አምፖል ላፈነዳ ሐኪም ነው። ከዚያ በኋላ ሻይ ይጋብዙታል። እኔ እሷን ምን እጋብዛታለሁ?

ምንጣፉ ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩና ነገርኳት። ቀስ ብዬ፣ ምንም ሳልቀንስ፤ አፍንጫው አየር እንደሚፈልግ፣ ላስቲኩ አየር እንደማያስገባ፣ ሰዓቱ ታፍኖ እንደነበር። ትጮሃለች ብዬ ነበር፣ ፊቷን ትቧጥጣለች ብዬ ነበር። ምንም አላደረገች። ከሕፃኑ ላይ ቀና አለች።

«ስትሰቅይው ምነው አልነገርሽኝ?»

ምን ልበላት? ሰው ሰዓት ያለብሳል ብለን አላሰብንም ልበላት? አገሩ የእኔው አገር ነው። እኔ ራሴ ቤት ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሶ ነው ያለው፤ ወንበሩም ከነላስቲኩ ነው። ክቡር ዕቃ ይሸፈናል፣ ይህን የማያውቅ ማን አለ? ከአቧራ ጠብቁት ብዬ ደግሞ የነገርኳት እኔ ነኝ። «አላወቅንም አንጓች» አልኳት። ይህን ስጽፍ እንኳ ሌላ ቃል አላገኘሁም። መነገር እንደነበረበት አውቃለሁ። ግን ሌላ ሰው በነገራት፣ ከእኔ አፍ ባልወጣ እያልኩ እኖራለሁ።

ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ቀየርነው፣ ሥዕል አስገባንበት፣ በየቤቱ ዞርን። ሥራው ግን ብዙም አልቆየም፤ የሚደግፈው አካል ጊዜው አለቀ አለ፣ ናትናኤል ሌላ አገር ሥራ አገኘ፣ እኔም ጡረታዬ ደረሰ። መሸኛ አደረጉልኝ፣ ጋቢ አለበሱኝ። ንግግር አድርጊ ሲሉኝ የብርቄን የሰካራም ሰዓት አውርቼ አሳቅኳቸው። ስለ አንጓች አላወራሁም።

ያን ቀን ግን ከነገርኳት በኋላ አንጓች ሕፃኑን ለአንዷ ሴት ሰጠችና ተነሣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። «ወዴት ነው?» አሉ ሴቶቹ። «የሰፋሁላቸው ቤት።» ዳሱ ተንጫጫ፤ «ኧረ በማርያም! ሐዘንተኛ ከቤት አይወጣም! ሰልስቷ እንኳ ሳይወጣ!» አንዷ ቀሚሷን ያዘች። አያ መልኬ «እኔ እሄዳለሁ፣ አንቺ ተቀመጪ» አሏት። «አንተ የሰፋኸው የለም» አለቻቸውና ወጣች። እኔም ተከተልኳት፤ ሌላ ማድረግ የምችለው ነገር አልነበረም።

በየቤቱ ያው ነው። ሐዘንተኛ ደጃፋቸው ቆማ ሲያዩ ሰዎቹ ይደነግጣሉ፣ ግቢ ማለትም አትግቢ ማለትም ይቸግራቸዋል። እሷ ሰላምታ ሳትሰጥ «ሰዓቱን አውርዱልኝ» ትላለች። ያወርዱላታል። በመቀሷ የገዛ ስፌቷን ትቀድዳለች፣ ሳትቸኩል፣ ሰዓቱ እንዳይጫር ተጠንቅቃ። ከዚያ «ይህ ልብስ ነው ፈንታዬን የገደለብኝ። አታልብሱት» ትላለች። የሰፋሁት እኔ ነኝ አላለችም፤ ያንን የማያውቅ አልነበረም። አንዳንዶቹ ያለቅሳሉ፣ እሷ አታለቅስም። እኔ ሰዓቱን መልሼ እሰቅላለሁ።

የመጨረሻው ቤት አዲስ ሙሽራ ናት ያለችው፤ ግድግዳው በጋዜጣ ተለጥፎ፣ ሁሉ ነገር አዲስ። ወሬው ገና አልደረሳትም፤ ሞቱን እንጂ ምክንያቱን አልሰማችም። አንጓች ሰዓቱን ተቀብላ መቅደድ ስትጀምር ልጅቷ ሳታስበው እጇን ዘረጋች።

«ውይ እማማ፣ ተይው! አቧራ ይገባበታል እኮ!»

አንጓች መቀሱን አላቆመችም።

«ይግባበት ልጄ» አለቻት። «የኔ ንጹሕ ነበር።»